እርሾው ከየት መጣ?

ሰውዬው ደረሰኙን ተቀብለው አገላበጡት። መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው አደረጉና እንደገና አዩት። ከዚያም በመስታወቱ ቀዳዳ መልሰው አስገቡት።

«ልጄ፣ ይሄ የኔ ስም አይደለም።»

ደረሰኙ ላይ የታተመው «ገብረመድኅ» ነው። «ን» መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር አልማዝ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት የጥያቄ ምልክት አለች። የአባታቸው ስም ጭራሽ የለም። ገንዘብ ተቀባይዋ እንዲህ ያለውን አቤቱታ ለምዳዋለች። «አባባ፣ ሲስተሙ ነው» አለቻቸው። በዚህ አገር ክርክርን ሁሉ የሚዘጋው ይህ ቃል ነው። ሽማግሌው ግን በዚህ አልተመለሱም።

«ሲስተሙ ማነው? ጥሩልኝና ላናግረው።»

ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል የተቀመጠው ልጅ ይህን ሰማ። በመሥሪያ ቤቱ የአይቲ ባለሙያ ሆኖ ከተቀጠረ 8 ወሩ ነው። ሲስተም የሚባል ሰው ከተፈለገ እሱ ነበር፤ ቢያንስ በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእሱ የቀረበ አልነበረም። አልወጣም። አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ያን ዕለት ማታ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም።

ችግሩን ያውቀዋል። ጥፋቱ የማተሚያው አይደለም። ደረሰኝ የሚያወጣው ፕሮግራም የተጻፈው ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፤ ሰርቨሩ ላይ ያለው ፓይተን ደግሞ አሮጌው 2.7 ነው። አሮጌው ፓይተን ተራ ጽሑፍን የሚቆጥረው በፊደል ሳይሆን በባይት ነው። ዩቲኤፍ-8 በሚባለው አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። «ሰላም» ብለው ሰጥተውት «ስንት ፊደል ነው?» ቢሉት «9» ብሎ ይመልሳል።

ፕሮግራሙን መጀመሪያ የጻፈው ሰው ደረሰኙ ላይ ለስም 20 ቦታ ሰጠ። ለእንግሊዝኛ ስም 20 ይበቃል። ለግዕዝ ግን 20 ባይት ማለት 6 ፊደልና 2 ትርፍራፊ ባይት ነው። ትርፍራፊዎቹ ለብቻቸው ፊደል መሆን ስለማይችሉ በምትካቸው ያቺ የጥያቄ ምልክት ትመጣለች። ገብረመድኅን 7 ፊደል ነው፤ 21 ባይት። በ1 ባይት ተረፈና ተቆረጠ። አበበ ከበደ የሚባል ሰው ክፍተቱን ጨምሮ 19 ባይት ስለሆነ በሰላም ያልፋል። ኃይለማርያም አያልፍም። ወልደገብርኤል ደግሞ መልአኩን አጥቶ «ወልደገብር» ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ ማንንም የመጉዳት ሐሳብ የለውም። አጭር ስም ያለውን ብቻ ነው የሚያውቀው።

መፍትሔው ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ጽሑፍን በፊደል ይቆጥራል፤ «ሰላም» ሲሉት «3» ይላል። ፓይተን 2 ደግሞ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ድጋፉ ተቋርጧል። ልጁ በትርፍ ሰዓቱ ሁለት ወር ሠርቶ ፕሮግራሙን ለአዲሱ ፓይተን አድሶ ጽፎታል፤ የሚፈልገውም 3.10ን ነው። ሰርቨሩ ግን ሴንትኦኤስ 7 የሚባለውን ሊኑክስ የጫነ አሮጌ ማሽን ነው፤ እሱም ድጋፉ እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 2024 አብቅቷል። 3.10 ተዘጋጅቶ አይመጣለትም። ሰርቨሩ ይቀየር ተብሎ ተጠይቆ ነበር። መልሱ «በሚቀጥለው በጀት» ሆነ።

ስለዚህ ያለው አማራጭ አንድ ነበር፤ የምንጭ ኮዱን አምጥቶ ከጥሬው መገንባት።

*

ልጁ ግን በዚያች ሌሊት መጀመሪያ ያደረገው ሌላ ነው። በአቋራጭ ሄደ። ሰርቨሩ ላይ በጎን ተጭኖ የነበረ ከ3.10 ያነሰ ፓይተን 3 አገኘና «ፓይተን» የሚለውን የሲስተሙን ስም ከአሮጌው ፈትቶ ወደዚያ አዞረው። ለጊዜው ይሞክረው እንጂ ምን ይመጣል?

ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ «ያም» የሚባለው የፕሮግራም መጫኛ ሞተ። አንድ ነገር ለመጫን ትእዛዝ በሰጠው ቁጥር የሰዋስው ስሕተት እየጻፈ ይመለሳል። ምክንያቱ ግልጽ የሆነለት ቆይቶ ነው። ያም ራሱ የተጻፈው በአሮጌው ፓይተን ነው። ልጁ የመጫኛውን እግር ቆርጦ በመጫኛው ሊጭን እየሞከረ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው ነው። ስሙን ወደ ነበረበት ለመመለስ አንድ መስመር ትእዛዝ በቂ ነበር፤ ያቺን አንድ መስመር ለማግኘት ግን እስከ 8 ሰዓት ሌሊት ፈጀበት።

ጠዋት የክፍሉ ኃላፊ ገቡ። ጡረታቸው የቀረበ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። የልጁን ዓይን አይተው ገባቸው።

«ምን ነካህበት?»

«ጋሼ፣ የሲስተሙን ፓይተን ቀይሬ ነበር። አሁን መልሼዋለሁ።»

«በሱ የሚኖር ሌላ ሰው እንዳለ ሳታጣራ?»

ልጁ ዝም አለ።

«አሮጌውን ተወው። ሰው ተከራይቶበታል» አሉ ኃላፊው ኮታቸውን እየሰቀሉ። «አዲሱን ከፈለግህ ለብቻው ቤት ሥራለት።»

*

ፓይተን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1989 የገና ሰሞን ነው። ጊዶ ቫን ሮሱም የሚባል ኔዘርላንዳዊ፣ አምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ብሔራዊ የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረ ሰው፣ ለበዓሉ ቀናት የሚያዝበት ሥራ ፈልጎ ጀመረው። ስሙን የወሰደው ከእባቡ አይደለም፤ ሞንቲ ፓይተን ከሚባሉት የእንግሊዝ ቀልደኞች ነው። በፌብሩዋሪ 1991 0.9.0 ብሎ የምንጭ ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀው። ያኔ ፓይተን የሚፈልግ ሰው ኮዱን ወስዶ በገዛ ማሽኑ ላይ ይገነባው ነበር።

ፓይተን አስተርጓሚ ነው። ሰው የጻፈውን እያነበበ ለማሽኑ ያስፈጽማል። አስተርጓሚው ራሱ ግን ፕሮግራም ነውና አንድ ሰው በአንድ ቋንቋ ጽፎታል። በስፋት የሚሠራበት ፓይተን እምብርቱ የተጻፈው በሲ ቋንቋ ነው። የሲ ጽሑፍ ደግሞ ወደ ማሽን ቋንቋ እስኪለወጥ ድረስ ከጽሑፍነት አያልፍም። የሚለውጠው ኮምፓይለር ይባላል።

ተዘጋጅቶ የሚመጣ ፕሮግራም የሱቅ እንጀራ ነው። ገዝቶ መብላት ነው፤ ለብዙው ሰውና ለብዙው ቀን ትክክለኛውም ይኸው ነው። ከምንጭ መገንባት ግን ጤፍ ከመግዛት ይጀምራል። ማበጠር አለ፣ ማስፈጨት አለ፣ ማቡካት አለ፣ ጠብቆ መጋገር አለ። ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ነገርም አለ፤ እርሾ። አዲስ ሊጥ የሚነሳው ካለፈው ሊጥ በተረፈ እርሾ ነው። ኮምፓይለርም እንደዚያው ነው። ልጁ የተጠቀመበትን የሲ ኮምፓይለር የገነባው ከእሱ በፊት የነበረ ሌላ ኮምፓይለር ነው፤ ያንንም ሌላ። እርሾ ሳይቀበል ከባዶ የጀመረ ቤት የለም።

በሁለተኛው ሌሊት ልጁ የፓይተን 3.10ን የምንጭ ኮድ አወረደ። የገንቢዎቹን ፊርማ አረጋገጠ፣ ፈታው። ከዚያ «ኮንፊገር» የሚለውን ትእዛዝ ሰጠ። ይህ ስክሪፕት ወደ ማእድ ቤት እንደገባች ባለሙያ ነው። ምጣድ አለ? ወንፊት አለ? እንጨቱ ደርቋል? ኮምፓይለሩ ይሠራል? አንድ ቁጥር ስንት ባይት ይይዛል? እያለ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ጠይቆ መልሱን እያከታተለ ይጽፋል። ሲጨርስ ለዚያ ማሽን ብቻ የሚሆን የሥራ ዝርዝር ያወጣል። ቀጥሎ «ሜክ» ይባላል። ያኔ ሥራው ይጀመራል፤ ፋይል በፋይል፣ ማያ ገጹ ላይ ጽሑፍ እየጎረፈ።

የፓይተን 3.10 አገነባብ አንድ የሚገርም ነገር አለው። መጀመሪያ እምብርቱ ይወለዳል። ከዚያ ያ አዲስ የተወለደ ፓይተን ራሱ ተነስቶ የቀሩትን አካላቱን መገንባቱን ይመራል። ሲጨርስ ያልተሳካለትን ይዘረዝራል። ልጁ የሻይ ብርጭቆውን አስቀምጦ ዝርዝሩን አነበበ። ቢዚ2 የለም። ሲታይፕስ የለም። ኤስኪውላይት የለም። ኤልዜድኤምኤ የለም። ከታች ደግሞ ኤስኤስኤል መገንባት አልተቻለም፤ ኦፕንኤስኤስኤል 1.1.1 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል ይላል።

ሥራው ግን «አልተሳካም» ብሎ አልቆመም። ሰውን የሚያሳስተው ይኸ ነው። የጎደለውን በጸጥታ ዘርዝሮ በሰላም ይጨርሳል። ያላነበበ ሰው «ተጫነ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ጉድለቱን የሚያውቀው ከሦስት ወር በኋላ አንድ ደንበኛ መስኮቱ ላይ ቆሞ ሲጮህ ነው።

ልጁ የጎደለውን አንድ በአንድ ሲከታተል የገባው ነገር ከቴክኒክ በላይ ነበር። አብዛኞቹ እቃዎች ማሽኑ ላይ አሉ። ኤልዜድኤምኤ አለ፣ ቢዚ2 አለ፤ ሌሎች ፕሮግራሞች በየቀኑ ይጠቀሙባቸዋል። የሌለው በእነሱ ላይ ተመሥርቶ አዲስ ነገር ለመገንባት የሚያስፈልገው ክፍል ነው። ሊኑክስ ሁለቱን ለይቶ ነው የሚያሽገው፤ የመጠቀሚያው ለብቻ፣ መጨረሻው ላይ «ዴቬል» የሚል ቃል ያለበት የመገንቢያው ለብቻ። ሰርቨሩን ከዓመታት በፊት የተከለው ባለሙያ የመጀመሪያውን ብቻ ጭኖ ሄዷል። ማሽኑ ለመጠቀም እንጂ ለመሥራት አልተዘጋጀም ነበር።

የመገንቢያዎቹን ክፍሎች ለማምጣት ያምን ሲጠይቀው ደግሞ የተለመደው አድራሻ መልስ አይሰጥም። የሴንትኦኤስ 7 እድሜ ሲያበቃ የቀድሞው አድራሻ ተዘግቶ እቃው ወደ መዝገብ ቤት ተዛውሯል። አድራሻውን ወደዚያ አዞረው፤ መጡለት። ኦፕንኤስኤስኤል ግን በማሽኑ የነበረው 1.0.2 ስለሆነ አዲሱን ራሱን ከምንጭ መገንባት ነበረበት። ኦፕንኤስኤስኤልን የሚያዋቅረው ስክሪፕት ደግሞ የተጻፈው በፐርል ነው። ፐርል ምንድን ነው? ሌላ አስተርጓሚ። አንዱን አስተርጓሚ ለማዋለድ ሌላ አስተርጓሚ አዋላጅ ሆነ።

ኤስኤስኤል ቅንጦት አይደለም። እሱ ከሌለ ፓይተን በተመሰጠረ መስመር ከማንም ጋር አይነጋገርም። ተጨማሪ ቅጥያዎችን የሚያመጣው «ፒፕ» እንኳ ከበር ይመለሳል። መናገር የሚችል፣ ግን ማንንም በምስጢር ማነጋገር የማይችል አስተርጓሚ ይሆናል።

*

በማግስቱ ኃላፊው ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። ልጁ በኩራት አስረዳቸው። ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁት።

«ኮዱን አንብበኸዋል?»

«ጋሼ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር መስመር እኮ ነው። ማን ያነበዋል?»

«እና በራሴ ሠራሁት ስትል ምን ማለትህ ነው?»

ጥያቄው የተንኮል አልነበረም፤ ግን ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኬን ቶምፕሰን፣ ዩኒክስን ከፈጠሩት ሰዎች አንዱ፣ የቱሪንግ ሽልማትን ምክንያት በማድረግ ባሳተመው ንግግር ያነሳው ይህንኑ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው። ኮምፓይለሩ ውስጥ ወጥመድ ማስገባት ይቻላል። የመግቢያ ፕሮግራሙን ሲገነባ በድብቅ የኋላ በር ይጨምርበታል። ኮምፓይለሩን ራሱን ሲገነባ ደግሞ ወጥመዱን መልሶ ይተክላል። ከዚያ ወጥመዱን ከምንጭ ኮዱ ላይ መሰረዝ ይቻላል። ኮዱን ያነበበ ሁሉ ንጹሕ ነው ይላል፤ የሚወጣው ፕሮግራም ግን የተመረዘ ነው። ጤፉ ንጹሕ ነው፣ ውኃው ንጹሕ ነው፣ እጁ ታጥቧል። እርሾው ግን ከየት መጣ?

ይህ ለረጅም ዘመን የሊቃውንት ጨዋታ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 29 ቀን 2024 ግን ጨዋታ አለመሆኑ ታየ። አንድሬስ ፍሩንድ የሚባል የማይክሮሶፍት መሐንዲስ፣ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ገንቢም የሆነ፣ በሚሠራበት ማሽን ላይ በኤስኤስኤች መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል እንደዘገየበት አስተዋለ። ግማሽ ሰከንድ። ሌላ ሰው ኔትወርኩን ሰድቦ ያልፈው ነበር። እሱ ግን ተከተለው። መጨረሻው ላይ ያገኘው ኤክስዚ በሚባለው የፋይል ማመቂያ ውስጥ፣ በ5.6.0 እና በ5.6.1 እትሞች፣ የተቀበረ የኋላ በር ነበር።

ኤክስዚን ላሴ ኮሊን የሚባል ፊንላንዳዊ ያለ ክፍያ ለዓመታት ሲጠብቀው ኖሯል። ጂያ ታን በሚል ስም የመጣ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት ረዳው፣ አመኔታ አገኘ፣ እትም የማውጣት ሥልጣን ተሰጠው። ከዚያ መታ። የመታበት መንገድ ደግሞ ልብ ይባል። መርዙን የሚቀሰቅሰው መስመር ሁሉም ሰው በሚያየው የኮድ ማኅደር ውስጥ አልነበረም። የነበረው ታሽጎ በሚወርደው የምንጭ ጥቅል ውስጥ፣ ያውም በኮንፊገር የሥራ ክፍል ውስጥ ነው። ማእድ ቤቱን የምትፈትሸዋ ባለሙያ ራሷ ተገዝታ ነበር። የጥቅሉን ፊርማ ያረጋገጠ ሰውም አይድንም፤ ፈራሚው ጂያ ታን ራሱ ነውና። ፊርማ ከማን እንደመጣ ይናገራል። የላኪውን ልብ አይናገርም።

ልጁ ይህን ታሪክ ያውቀው ነበር። ግን በሩቁ ነው። ኃላፊው ከጠየቁት በኋላ የትናንቱን የጉድለት ዝርዝር እንደገና ከፈተው። ኤልዜድኤምኤ። ኤልዜድኤምኤ ማለት የኤክስዚ ቤተ ሰብ ነው፤ ፓይተን የሚፈልገው ያንኑ እቃ ነው። በሰርቨሩ ላይ ያለው እትም ከተመረዙት ሁለቱ ብዙ ዓመት በፊት የወጣ ስለሆነ ስጋት አልነበረም። ቢሆንም ትናንት ስሙን አንብቦ እንደ ጨው ጎደለኝ «ይምጣ» ብሎ ማለፉን አስታወሰ።

«አላነበብኩትም ጋሼ» አለ ዘግይቶ። «ግን አሁን በምን ላይ እንደቆመ አውቃለሁ። ትናንት ያንንም አላውቅም ነበር።»

ኃላፊው ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ይበቃል። ጻፈው።»

*

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ «ይህ ሁሉ ድካም ለምን?» ሊል ይችላል። ተዘጋጅቶ የሚመጣ ኮንቴይነር አለ፣ ተከራይቶ የሚሠራበት ክላውድ አለ። እውነት ነው። ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር ከምንጭ ይገንባ ማለት ሁሉም ሰው ጤፍ ይዝራ እንደ ማለት ነው። ከዚህም በላይ ከምንጭ የገነባ ሰው አዲስ ግዴታ ይገባል። በያም የመጣ ፕሮግራም የጸጥታ ቀዳዳ ሲገኝበት፣ ድጋፉ እስካለ ድረስ፣ በያም ይታደሳል። ልጁ ለብቻው የገነባው ኦፕንኤስኤስኤል ግን የሚያድሰው ማንም የለም፤ እሱ ብቻ ነው። ቤት የሠራ ሰው ጣሪያውንም ይጠብቃል። ይህን የማይፈልግ ባይጀምረው ይሻላል።

ጥያቄው ሁሉም ሰው ይችላል ወይ አይደለም። ከሚጠቀሙት መካከል የሚችል አለ ወይ ነው።

ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ የቆመው ሞሲፕ በሚባል፣ ሕንድ ቤንጋሉሩ ከሚገኝ ተቋም በወጣ ክፍት የምንጭ ኮድ ላይ ነው። የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ2 የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ክፍት የምንጭ ኮድ ነው። ክፍት መሆናቸው ትልቅ ነገር ነው። ኮዱን ማየት፣ መለወጥ፣ ደግሞ መገንባት ማንንም ሳያስፈቅዱ ይቻላል። በተዘጋ ኮድ ላይ የቆመ አገር ይህ መብት የለውም። ነገር ግን መብቱን የሚጠቀምበት እጅ ከሌለ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው።

ስለ ዲጂታል ሉዓላዊነት ሲወራ ዘወትር የሚጠየቀው «ሰርቨሩ የት አገር ነው ያለው?» የሚለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሰርቨሩ አዲስ አበባ ተቀምጦ በውስጡ ያለውን ደግሞ መገንባት የሚችል ሰው ከሌለ ያለው የሰው አደራ እንጂ ንብረት አይደለም። ሁለተኛው ጥያቄ ይህ መሆን አለበት። ዛሬ ይህ ሁሉ ቢጠፋ፣ ከምንጭ ኮዱ ተነስቶ፣ እዚሁ፣ በስንት ቀን መልሶ የሚያቆመው ማነው? የሠለጠነው ስንት ሰው ነው? ከሄደስ ማንን ተክቶ ይሄዳል? በምርቃት ሥነ ሥርዓት ላይ ሪባን ሲቆረጥ ይህን የጠየቀ ሰው እንደ ሟርተኛ ይታይ ይሆናል። አቅም የሚለካው ግን በዚህ ነው።

ፍሩንድ ዓለምን ያዳነው ኮዱን ሁሉ ስላነበበ አይደለም። ማሽኑ እንዴት መሥራት እንዳለበት ያውቅ ስለነበር ግማሽ ሰከንዷን አስተዋላት። ከፍቶ ማየት ስለለመደ ከፍቶ አየ። እንዲህ ያለ ሰው በትእዛዝ አይመጣም። እጁን ሊጥ ውስጥ ከትቶ የሚውል ሰው ነው አንድ ቀን «ይሄ እርሾ ሽታው ተለየብኝ» የሚለው።

*

በሦስተኛው ሌሊት ዝርዝሩ ላይ የሚጎድል አልነበረም። ልጁ የፓይተንን ፈተናዎች አስኬደ፣ ጠበቀ፣ አለፉ። ለመጫን «ሜክ ኢንስቶል» አላለም። «ሜክ ኦልትኢንስቶል» አለ። ልዩነቷ ትንሽ ናት፤ የመጀመሪያው «ፓይተን 3» የሚለውን የጋራ ስም ይወስዳል፣ ሁለተኛው አዲሱን «ፓይተን 3.10» በሚል ስሙ ብቻ አስገብቶ የሌላውን አይነካም። ለብቻው ቤት ተሠራለት። ያም በሰላም አደረ።

የመጀመሪያው ሥራ አንድ መስመር ነበር። «ሰላም» ብሎ ሰጠውና ስንት ፊደል እንደሆነ ጠየቀው።

3 አለ።

ልጁ ብቻውን ሳቀ። ጠባቂው በበሩ ብቅ ብለው አዩት፤ ሰላም መሆኑን አይተው ተመለሱ።

ሽማግሌው በወሩ ሊከፍሉ ሲመጡ ደረሰኙ ወጣ። መነጽራቸውን አወጡ፣ አደረጉ። ገብረመድኅን፣ ከነ አባታቸው ስም። ጎንበስ ብለው በመስታወቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ተመለከቱ።

«ሲስተሙን አገኛችሁት እንዴ?» አሉ።

ገንዘብ ተቀባይዋ በአውራ ጣቷ ወደ ኋላ ክፍሉ ጠቆመች። ልጁ በዚህ ጊዜ ወጥቶ ሰላም አላቸው።

ኃላፊው «ጻፈው» ያሉትን ግን አልረሱም፤ እስኪጽፈውም አልተዉትም። ሁለት ገጽ ሆነ። ምን ከየት እንደመጣ፣ የትኛው ከየትኛው በፊት እንደሚገነባ፣ የጎደሉት ዝርዝር፣ በምን ምክንያት ኦልትኢንስቶል እንደተባለ፣ ኦፕንኤስኤስኤል በየስንት ጊዜው መታየት እንዳለበት። የመጀመሪያ ሌሊቱን ስሕተትም አስገቡበት። ልጁ ያን ክፍል ሊያስቀረው ፈልጎ ነበር። «እሱን ካወጣኸው የሚቀጥለው ይደግመዋል» አሉት።

ኃላፊው ጡረታ ወጡ። ልጁም በዓመቱ የተሻለ ደመወዝ አገኘና ሄደ፤ በዚያ ሙያ ያልተለመደ ነገር አይደለም። በእሱ ቦታ የመጣችው ልጅ አዲሱ ሰርቨር በመጨረሻ ሲገዛ ሁለቱን ገጾች ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ተነሳች። እሱ ሦስት ሌሊት የፈጀበት እሷን ግማሽ ቀን ወሰደባት። አንድ መስመር ላይ ግን ነገሩ አልሠራላትም፤ ማሽኑ ሌላ፣ ዘመኑም ሌላ ነው። ምክንያቱን ፈልጋ አገኘች፣ መስመሩን በእስክሪብቶ ሰርዛ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፈች፣ ከስሩ ቀኑን አኖረችበት።

ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መለሰችው።